ዛር ከጂን ይቆጠራል?

እንግሊዞች ጎብሊን የሚሉት መልከ ጥፉና ተንኮለኛ ፍጡር ፌሪ ከሚሏቸው የተረት ስውር ፍጡራን ወገን ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጅዳው ኦብሑር ባሕር ዳር እስከ መካ ባለው አገር ለሚኖር ሐበሻ ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ይመጣል፤ ዛር ከጂን ይቆጠራል?

የዐረቦቹ አመዳደብ ሰፊ ነው። ቁርኣን በአን-ነምል ምዕራፍ ዒፍሪትን ከጂን ወገን ያደርገዋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የባስራው ጸሐፊ አል-ጃሒዝ እንዳሰፈሩት፣ ከሰው ጋር የሚኖረው ዓሚር፣ የከፋው ሸይጣን፣ የበረታው ማሪድ፣ ከዚያም የባሰው ዒፍሪት ይባላል። የሚለያቸው ጠባይና ጉልበት እንጂ ዘር አይደለም። በዚህ ሚዛን ጎብሊንም ፌሪ ነው፤ እንግሊዛዊቷ የአፈ ታሪክ ተመራማሪ ካትሪን ብሪግስም በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የፌሪዎች መዝገበ ቃላት አስገብተውታል።

ዛር ግን እዚህ ውስጥ በቀላሉ አይገባም። በአገራችን አፈ ታሪክ ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ 15ቱን ቆንጆዎች ደበቀች። እሱም የተደበቁት እንደተደበቁ ይቅሩ አለ፤ ዛሮች የነሱ ዘር ናቸው። ጂን ከእሳት ተፈጠረ ሲባል ዛር የእኛው ሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው። የሚደንቀው፣ አይስላንዳውያንም ስለ ስውር ሕዝባቸው ይህንኑ ያወራሉ፤ እዚያ ሔዋን የደበቀችው ገና ያላጠበቻቸውን ነው።

አያያዙም የተለየ ነው። ዛር መካ ገብቶ እንደነበር በ1885 እ.ኤ.አ. እዚያው የኖሩት ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንየ ጽፈዋል። ሴት ስትታመም ሸይኻ የምትባል የዛር አዋቂ ትጠራለች። ሸይኻዋ የምታነጋግረው በሽተኛዋን ሳይሆን ያደረባትን ዛር ነው፤ እሱም አዲስ ልብስ፣ የወርቅ ወይም የብር ጌጥ ይጠይቃል። ቀን ተቆርጦ እንግዳ ይሰበሰባል፣ ከበሮ ይመታል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ያዩትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዛሩ የያዛት ሴት ፈረሱ ትባላለች፣ ቡናና እጣኑ ይቀርባል፣ ጭዳው ይታረዳል።

የእስልምናም የክርስትናም መምህራን ይህን ልዩነት አይቀበሉም፤ አንዱ ጂን፣ ሌላው ጋኔን ብሎ ይደመድማል። ባለዛሮቹ ግን ለይተው ያውቃሉ፤ ጋኔን በጸበል ይባረራል፣ ዛር ይለመናል፣ ግብሩ ይሰጠዋል። በአፈ ታሪክ ጥናት መታመን ያለበት አብሮት የኖረው ሰው ነው። ጎብሊን ከፌሪ፣ ዒፍሪት ከጂን ይመደቡ፤ ዛርን ከጂን የሚደምር መዝገብ ግን ስሕተት ነው።