ሰፋሪና የተወው ርስት

በመንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ስማቸውን ያገኙት፣ በአገሬው ትውፊት መሠረት፣ አገሩን አስቀድመው ከያዙት ከሦስቱ አባቶች ነው። መሬቱን በመጀመሪያ የያዘው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ርስት የሚጠየቀውም በአባት ወይም በእናት በኩል ከእርሱ መወለድን በመቁጠር ነበር። ስለዚህ ከመንዝ ወጥቶ የቀረ ሰው ልጅ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት ይችል ነበር። (ክርክሩ ዕድሜ ይፈጅ እንደ ነበር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም።) በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ ደቡብ የዘመተው የሸዋ ወታደር በጋሻ የተለካ መሬት ሲሰጠውም በትውልድ አገሩ ያለው የርስት መብት አልተሰረዘበትም። በተሰጠው መሬት ላይ የነበረው ባላገር ግን ገባር ሆነ።

ይህ ጉዳይ በጥንታዊት ግሪክም ነበር። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፣ በቴራ ደሴት ሰባት ዓመት ዝናብ ስለ ጠፋ፣ ከወንድማማቾች አንዱ በዕጣ እየወጣ ወደ ሊቢያ እንዲሰፍር ተወሰነ። ሰፋሪዎቹ ተቸግረው ቢመለሱ ወገኖቻቸው እየወረወሩ ከወደቡ አባረሯቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ630 ገደማ የቆረቆሯት ከተማ ቀሬና ናት፤ በወንጌል የተጠቀሰው የስምዖን አገር። በዚያ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ ግን ሰፋሪዎቹ 5 ዓመት ሞክረው ካልሆነላቸው ያለ ሥጋት ወደ ንብረታቸው እንዲመለሱ ቃል ተገብቶ እንደ ነበር ይናገራል። ሁለቱ ቃሎች አይስማሙም። በኋላም ሌሎች ግሪኮች መሬት እንዲካፈሉ በተጠሩ ጊዜ መሬታቸውን የተነጠቁት ሊቢያውያን ከግብፅ ርዳታ ጠየቁ።

በአገራችን የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን አስቀረ፤ መሬት ማደላደልም የገበሬ ማኅበር ሥራ ሆነ። ስለዚህ ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ከተወሰደው ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ውስጥ የነበረው የመንዝና የግሼ ገበሬ፣ አባቶቹ የነበራቸው የሐረግ ዋስትና አልነበረውም። በ1983 ዓ.ም. ብዙ ሰፋሪዎች ወደየትውልድ ቀያቸው ሲመለሱ ችግሩ ተገለጠ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የፈቃድ ሠፈራ መርሐ ግብር የሰፋሪው የቀድሞ ይዞታ ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት ወሰነ። ከቴራው ቃል በ2 ዓመት ያነሰ ነው፤ ገብስ ለሚያውቅ ደገኛ የቆላን እርሻና ወባ ለመልመድ 3 ዓመት አጭር ይመስለናል።