ላፕቶፑን ከመቀየራችሁ በፊት ፋይሉን እዩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ የላንድስኬፕ አርክቴክት ላፕቶፗን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ሥራ ከጀመረች ገና ሰባት ወሯ ነው። «ግራፊክስ ካርዱ የተበላሸ መሰለኝ። እቁቤ በዚህ ወር ይወጣል፤ ምን ብገዛ ትመክረኛለህ?» አለችኝ። እስቲ ክፈቺው አልኳት። የአንድ ትንሽ መናፈሻ ሞዴል ነው። ስኬችአፕ ላይ መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ክብ መሆን የነበረበት የድንጋይ መቀመጫ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል፣ ሞዴሉን ስታዞረው ሣሩና መንገዱ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። ቀያሹ የሰጣት የኦቶካድ ፋይል እንደ ደንቡ በአገሪቱ ኮኦርዲኔት የተቀመጠ ነው፤ ማለትም አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን። በዚህ ሥርዓት አዲስ አበባ የምትገኘው ወደ ምሥራቅ 470 ሺህ ሜትር፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 1 ሚሊዮን ሜትር አካባቢ በሚሆን ቁጥር ላይ ነው። ስኬችአፕ ከዜሮ ነጥቡ ይህን ያህል ርቆ የተቀመጠን ሥዕል በትክክል መያዝ ያቅተዋል። ቁጥሩ ሲገዝፍ ትንንሾቹ ልኬቶች ይጠፉበታል፤ መስመሩ የሚንቀጠቀጠው ለዚያ ነው። የፈለገውን ያህል ውድ ማሽን ብትገዛም ያው ይንቀጠቀጥባታል።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። የቀያሹን ዋና ፋይል ሳንነካ ግልባጭ አደረግን፣ ከይዞታው ጥጎች አንዱን መረጥን፣ ሥዕሉን በሙሉ ከዚያ ጥግ ይዘን ወደ 0,0 አመጣነው። የተነሳበትን ቁጥር ፋይሉ ውስጥም ማስታወሻ ደብተሯም ላይ ጻፈችው። ይቺን መጻፍ እንዳትረሱ። ሥራው አልቆ ለሲቪል መሐንዲሱ ሲሄድ ሥዕሉ በዚያው ቁጥር ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ የእናንተ መንገድና የእሱ የፍሳሽ መስመር አይገናኙም። መቀመጫው ክብ ሆኖ ስታየው ፊቷ በራ። የእቁቡ ገንዘብም ተረፈ።

ይህን የማነሳው በየሳምንቱ «ስንት ራም ልግዛ?» የሚል መልእክት ስለሚደርሰኝ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም እናውቃለን። ለጀማሪ ባለሙያ አንድ ጥሩ ላፕቶፕ የብዙ ወራት ደሞዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽናችሁን የሚያደክመው ምን እንደሆነ እወቁ።

የእኛን ሙያ ፋይል የሚያከብደው ዛፍ ነው። አንድ ሕንፃ ግድግዳው ጠፍጣፋ ነው፣ መስኮቱም ይደጋገማል። አንድ በደንብ የተሠራ ባለ ሦስት አውታር (ስሪዲ) ዛፍ ግን በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ አለው። ሁለት መቶ ተክላችሁ አስቡት። ኮምፖነንት ማድረግ የፋይሉን መጠን ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ላይ ግን እያንዳንዱ ዛፍ መሳሉ አይቀርም፣ ስለዚህ ላፕቶፑ መድከሙን አይተውም። እኔ ስኬችአፕ ላይ የማስቀምጠው ወደ ተመልካቹ የሚዞር ጠፍጣፋ የዛፍ ምስል ብቻ ነው። ዛፎቹን በራሳቸው ታግ አድርጌ፣ መሬቱን በምሠራበት ጊዜ አጠፋቸዋለሁ። እውነተኛው ዛፍ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ እንደ ሉሚየን ወይም ትዊንሞሽን ባለ የሬንደር ፕሮግራም ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ 16 ጊጋ ራም ባለው ተራ ላፕቶፕ የሰፊ ግቢ ሞዴል ሠርቶ መጨረስ ይቻላል።

አሁን ወደ ግዢው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቢሮ ውስጥ የሚሰጣችሁ ሥራ በአብዛኛው በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ፕላን ማስተካከል፣ የተከላ ፕላን፣ የንጣፍና የደረጃ ዝርዝር፣ የዕቃ ብዛት ቆጠራ ነው። ይህ ሁሉ ኦቶካድ ነው፤ ኦቶካድ ደግሞ አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ኮር ስለሚሠራ፣ ከኮሩ ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ይጠቅመዋል። ራሙ ከ16 ጊጋ አይነስ፤ ወደ 32 ማሳደግ መቻሉንም ጠይቁ፣ አንዳንዱ ላፕቶፕ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። ኤስኤስዲው ከ512 ጊጋ ባያንስ ጥሩ ነው። ሬንደር በራሳችሁ ማሽን የምትሠሩ ከሆነ ብቻ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨምሩ፤ የራሱ 6 ጊጋ፣ ቢቻል 8 ጊጋ ሜሞሪ ይኑረው። ማክ ለሚመኙ፦ ሬቪት፣ ሲቪል ስሪዲና ስሪዲኤስ ማክስ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠሩት። የምትቀጠሩበት ቢሮ በምን እንደሚሠራ ሳታውቁ ማክ አትግዙ።

ሻጮች የማይነግሯችሁ አንድ ነገር አለ። የአንድ ግራፊክስ ካርድ ስም የተለያየ ጉልበት ሊሸፍን ይችላል። አርቲኤክስ 4060 የሚል የተለጠፈበት ላፕቶፕ ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ሊሆን ይችላል፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ላፕቶፕ በሬንደር ሰዓት እኩል አይደሉም። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ከፍታችሁ ዋቱን እዩ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣ አድርጉና፣ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅም ዛሬ ሲሞላ ከሚይዘው ጋር አስተያዩ። መብራት በሚሄድበት ከተማ ግማሹ ያለቀ ባትሪ ማለት ያልተቀመጠ ፋይል ማለት ነው።

ስክሪኑን ግን አደራ! ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ቀለም አጥበው ያሳያሉ። ዝርዝራቸው ላይ «45 ፐርሰንት ኤንቲኤስሲ» የሚል ካያችሁ ተዉት፤ ወደ 100 ፐርሰንት ኤስአርጂቢ የሚጠጋ ፈልጉ። እኛ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ከአረንጓዴ የምንለይ ሰዎች ነን። የወይራ ግራጫማ ቅጠልና የዝግባ ጥቁር አረንጓዴ በመጥፎ ስክሪን አንድ ሆነው ይታያሉ፤ ስታትሙት ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል።

ሶፍትዌርን በተመለከተ፣ ገና ተማሪ ከሆናችሁ የኦቶዴስክን ነፃ የትምህርት ፈቃድ ሳትመረቁ ተጠቀሙበት። ኪውጂስና ብሌንደር ለማንም ነፃ ናቸው። በተለይ ኪውጂስን ተማሩ፤ የተዳፋቱን ካርታ፣ ውኃው ከየት ወዴት እንደሚወርድ ከምሽት ሥራ በማይበልጥ ጊዜ ያሳያችኋል። ከኢንተርኔት የሚወርደው የ30 ሜትር የከፍታ መረጃ ግን ለጥናት እንጂ ለግሬዲንግ አይሆንም። የእግረኛ መንገድ በ2 ፐርሰንት ስናዘነብል በአምስት ሜትር ውስጥ የምንጫወተው በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚያ የቀያሽ ልኬት የግድ ነው።

አንድ ከራሴ ልጨምር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለአንድ መኖሪያ ግቢ ሬንደር ሠራሁ። አሠሪው በጣም ወደደው። ተከላው ሲደርስ ኮንትራክተሩ ወረቀቱን ይዞ ሦስት ችግኝ ጣቢያ ዞረና ደወለልኝ፤ «ወንድሜ፣ ይሄ ዛፍ ስሙ ማነው?» መመለስ አልቻልኩም። ከፕሮግራሙ ላይብረሪ ቅጠሉን አይቼ ያነሳሁት የአውሮፓ ዛፍ ነበር። አሠሪው የተሳለለትን ግቢ አላገኘም፤ ያ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬንና ሜትር ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ሰማዩ ሲደምን ዛፉ ጥላ ስለማይጥል ፎቶው ለመቁረጥ ይመቻል። ግንዱ አጠገብ አንድ ሜትር ዘንግ አቆማለሁ፤ በኋላ ምስሉን በትክክለኛ ቁመቱ ለማስገባት ይረዳኛል። ኮሶን ከነቀይ ዘለላው፣ ብሳናን፣ ጽድን፣ ዋርካን፣ ወይራን እንዲህ ሰበሰብኩ። ለእያንዳንዱ የት እንዳየሁት፣ አፈሩ ምን እንደሚመስል፣ ሥሩ ንጣፉን አንስቶት እንደሆነ እጽፋለሁ። ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ የሚኖረው መረሬ አፈር ንጣፍን ምን እንደሚያደርግ የተማርኩትም በዚያው የቅዳሜ ጉዞዬ ነው። ይህን ሁሉ ስጀምር የነበረኝ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ነበር።

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ፣ የባትሪ ሪፖርቱንና የግራፊክስ ካርዱን ዋት ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ገንዘቡን ሳትከፍሉ ላኩ፤ አይቼ እመልስላችኋለሁ።