ለእንጀራ ምድጃ የሚስማማ ሙቀት ማገጃ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጡ እውነት ነው፤ ስለ ማገዶውና ስለ ጢሱ ግን አይደለም። በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዶ የሚጋገር እንደ ሆነ፣ ከእሳቱ ሙቀት የሚበዛው ምጣዱን ሳያገኝ በጎን እየወጣ ይባክናል። ስለዚህ ብዙ ቤተ ሰቦች በምጣዱ ዙሪያ ግድግዳ ሠርተው እሳቱን ይጋርዱታል። ይህ መልካም ነው። ታዲያ ግድግዳው ከምን ይሠራ?

ብዙ ሰው «ድንጋዩ በከበደ መጠን ሙቀት ይይዛል» ይላል። እርግጥ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ለራሱ ነው። ጥቁር ድንጋይ ወይም ድፍን ሲሚንቶ በእሳቱ ዙሪያ ቢደረግ፣ ምጣዱ እስኪግል ድረስ ድንጋዩ እንጨቱን ሲበላ ይቆያል። (የዳቦ ፉርኖ ነገር ሌላ ነው። በዚያ እሳቱ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ዳቦው የሚበስለው ግድግዳው ባጠራቀመው ሙቀት ስለ ሆነ፣ ከውስጥ በኩል ከባድ ጡብ ያስፈልገዋል፤ ማገጃው የሚደረገው ከጡቡ በስተውጭ ነው።)

ሙቀትን የሚያግደው ዋናው ነገር የቆመ አየር ነው። ጋቢ እንዴት እንደሚያሞቅ አስቡ፤ ጥጡ ራሱ እሳት የለውም፣ በክሩና በድርቡ መካከል የታሰረው አየር ግን የገላችንን ሙቀት አያስወጣም። ለምድጃም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበት፣ ቀለል ያለና እሳት የማያቃጥለው ነገር መምረጥ ይገባል። ሁለት ነገር ለማወዳደር ቢፈልጉ፣ ሁለቱንም በደንብ አድርቀው በአንድ ዓይነት ጣሳ ሞልተው ያንሡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀለው የተሻለ ማገጃ ነው።

በየቤቱ ያለ ገንዘብ የሚገኘው አመድ ነው። ደረቅና የተነፋ የእንጨት አመድ ጥሩ ማገጃ ይሆናል። አሠራሩም፣ ከውስጥ በኩል አንድ ጋት ያህል ውፍረት ያለው የሸክላ ጭቃ ግድግዳ ማቆም፣ ከዚያ ግማሽ ስንዝር ክፍተት ትቶ የውጭውን ግድግዳ መሥራት፣ ክፍተቱን በአመድ መሙላትና አመዱ እንዳይቦን አፉን በጭቃ መድፈን ነው። ከእሳቱ ሥርም አመድ ማልበስ አይረሳ፤ ወደ መሬት የሚሰርገው ሙቀት ቀላል አይምሰልዎ። አመዱ ፍም ሊደበቅበት ስለሚችል ጥቂት ቀን ሳያሳድሩ አይጠቀሙበት። በውኃ የራሰ አመድ ቆዳንና ዓይንን ይለበልባልና ልጆችን ያርቁ።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ለምሳሌ በአዳማ ዙሪያ፣ ፑሚስ የሚባል በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይገኛል። ይህን የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም ከሲሚንቶና ከዚህ ዓይነት ቀላል ድንጋይ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ እኩሌታ ድረስ ይቆጥባል።

ሁለቱም የማይገኙ ከሆነ፣ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ወይም ከሰጋቱራ ጋር አብዝቶ ማቡካት ነው። እሳቱ የሚያገኘው ጭድ ተቃጥሎ በቦታው ቀዳዳ ይተዋል፤ ቀዳዳውም አየር ይይዛል። ጭቃ ያልተቀላቀለበት ጭድ ብቻ ግን በክፍተቱ ውስጥ መጠቅጠቅ አይገባም፤ እሳት ያነሣል፣ አይጥና በረሮም ቤት ይሠሩበታል። በእበት የሚለስኑ ደግሞ እጃቸው ላይ ቁስል ካለ አይንኩት፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ተሕዋስ በእበት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሲጨርሱም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

የተመረጠው ነገር ሁሉ ደረቅ ይሁን። ውኃ ሙቀትን ከቆመ አየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ጣራው የሚያፈስበት ማድ ቤት ውስጥ የተሠራ ምድጃ፣ ማገጃው የቱንም ያህል ቢመረጥ፣ ክረምቱን ሙሉ እንጨት ይፈጃል። አዲስ ምድጃም ሳይደርቅ አይሞከር።

አሁን ደግሞ ማንም በነጻ ቢሰጣችሁ የማትቀበሉትን ልንገራችሁ። ከአሮጌ ጣራ ወይም ከቧንቧ የተረፈ አስቤስቶስ እሳት ይችላል ተብሎ ለምድጃ ሲፈለግ ይታያል። ሲሰበር የሚቦነው ረቂቅ ጭረት በሳንባ ውስጥ ተቀምጦ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል፤ ጉዳት የሌለው የአስቤስቶስ ዓይነት የለም። የዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም ደግሞ ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ከተቃጠለም ጢሱ መርዝ ነው።

ጢስን ካነሣን ዘንድ፣ ማገጃ ብቻውን ጢስ አያጠፋም። እሳቱ ስለሚግል ጢሱ ይቀንሳል እንጂ ጭስ ማውጫ፣ የአየር መግቢያና ደረቅ እንጨት ያስፈልጋሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ እንደ ሞቱ የዓለም የጤና ድርጅት ገምቷል፤ ከእነዚህም መካከል በሳንባ ምች የሞቱ ሕፃናት ይገኙባቸዋል።

ጋግረው ሲጨርሱ በውጭው ግድግዳ ላይ እጅዎን ቀስ ብለው ያስጠጉ። ለብ ካለ፣ ማገጃው ሥራውን ይዟል፤ ዳዴ የሚል ልጅ ቢደገፈው እንኳ አያቃጥለውም። የሚፋጅ ከሆነ፣ አመዱ ወደ ታች ተቀምጦ ከላይ ባዶ ቀርቷል ማለት ስለሚሆን አፉን ከፍቶ መሙላት ነው።