እንጨትን በቤት ውስጥ በሬዚን ለማጠንከር፦ ዋጋው የማይከብድ የቫኪዩም ፓምፕ አመራረጥ



ንግግሬ የሚነሣው ከራሴ ስሕተት ነው። የቢላዋ እጀታና የብዕር ቀፎ እየሠራ የሚተዳደር የወንድም ልጅ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ያገለገለ ቫኪዩም ፓምፕ ገዛና አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቱ ሞከረው። የመለኪያው ሰሌዳ እስከ 30 ኢንች ሜርኩሪ የተቆጠረ ቢሆንም መርፌው 22ን ጥቂት አልፎ ቆመ። «ጋሼ፣ መመሪያው 29 መድረስ አለበት ይላል፤ ምን ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ «ፓምፑ ደክሟል፤ ሽጠውና ሌላ ፈልግ» አልኩት። በግማሽ ዋጋ ሸጠው። ፓምፑ ግን ጤነኛ ነበር። ይህን ምክር የሰጠው ፊዚክስ ሲያስተምር የኖረ ሰው መሆኑ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ስሕተቱን ለመረዳት አስቀድመን ሥራውን እንመልከት። እንጨት በጥቃቅን ቱቦዎችና ክፍተቶች የተሞላ ነው። የላላ ወይም በከፊል የበሰበሰ፣ ነገር ግን መልኩ ያማረ እንጨት ለእጀታ እንዲሆን ክፍተቶቹን በሬዚን መሙላት ያስፈልጋል። እንጨቱ በቀጭን ሬዚን ውስጥ ይዘፈቃል፤ ፓምፑ ከላይ ያለውን አየር ሲመጥጥ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር እየተንፎለፎለ ይወጣል። አረፋው ሲያበቃ ቫልቩ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ የውጭው አየር ሬዚኑን ተጭኖ ወደ ክፍተቶቹ ያስገባዋል። በመጨረሻም እንጨቱ በፎይል ተጠቅልሎ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ሬዚኑ እንዲጠጥር ይደረጋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፓምፑ ሬዚኑን አይስብም፤ መንገዱን ብቻ ይጠርጋል። ገፍቶ የሚያስገባው ከባቢ አየራችን ነው። የዚህ አየር ግፊት ደግሞ በየቦታው አንድ አይደለም። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው ድሬዳዋ ወደ 88፣ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 76 ይወርዳል። ተራው የሰሌዳ መለኪያ የሚያሳየው በውጭና በውስጥ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ ከዓለም ምርጥ የሆነው ፓምፕ እንኳ አዲስ አበባ ላይ ከ76 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ከ22.5 ኢንች ሜርኩሪ ብዙም ሊያልፍ አይችልም። ያልነበረ አየር አይወጣም። የወንድሜ ልጅ ፓምፕ ያለውን አየር ሁሉ ለማለት ይቻላል አውጥቶ ነበር።

ታዲያ ፓምፕ ስንገዛ ምን እንጠይቅ? ዋናው ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «ስንት ያስቀራል?» የሚለው ነው። ከእንጨቱ ያልወጣው አየር ቫልቩ ሲከፈት ይጨመቃል እንጂ አይጠፋም፤ የያዘውንም ቦታ ለሬዚን አይለቅም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቀረውን ግፊት ለአካባቢው ግፊት ማካፈል ነው። 10 ኪሎ ፓስካል የሚያስቀር ፓምፕ በባሕር ወለል ላይ ከክፍተቱ 10 በመቶ ገደማ ባዶ ይተዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 13 በመቶ ያህል። 1 ኪሎ ፓስካል ብቻ የሚያስቀር ፓምፕ እዚሁ የሚተወው ከ1.5 በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከፍታ ላይ የምንሠራ ሰዎች በፓምፑ ጥልቀት ላይ መቆጠብ የለብንም።

መቆጠብ የምንችለው በፍጥነቱ ላይ ነው። ለቤት ሥራ የሚሆን 10 ሊትር የሚይዝ ጋን በደቂቃ 70 ሊትር በሚስብ ትንሽ ፓምፕ፣ በስሌት አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ከ76 ወደ 0.1 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ቱቦውና የእንጨቱ አየር ቢያዘገዩትም ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። አየሩ ከእንጨቱ እስኪወጣ ግን ሰዓታት ያስፈልጋሉ፤ ትልቅ ፓምፕ መግዛት እነዚህን ሰዓታት አያሳጥራቸውም።

በእኛ አገር በቅርብ የሚገኙትን አማራጮች ላንሣ። የመጀመሪያው ከአሮጌ ፍሪጅ የተፈታ ኮምፕሬሰር ነው። ምናለሽ ተራን ለሚያውቅ ሰው ከሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ለመለማመድም ያገለግላል። ይሁንና ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚዘዋወረው ጋዝ ነው፤ ጋዝ በሌለበት ለሰዓታት ቢሠራ ይግላል፣ ዘይቱንም በመውጫው ይተፋል። ከፍሪጁ ሲፈታም ጋዙን ባለሙያ ሊያስወጣው ይገባል፤ አንዳንዱ ጋዝ ተቀጣጣይ ነውና። ሁለተኛው የፍሪጅና የኤር ኮንዲሽነር ጠጋኞች የሚጠቀሙበት፣ በዘይት የሚሠራ ተሽከርካሪ ፓምፕ ነው። ለተከታታይ ሥራ የተሠራ፣ ከ1 ኪሎ ፓስካል እጅግ ዝቅ የሚል፣ ዘይቱም በቀላሉ የሚቀየር ነው። ለዚህ ሥራ ባለ አንድ ደረጃው ይበቃል፤ ለባለ ሁለት ደረጃው ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ሦስተኛው በተጨመቀ አየር የሚሠራው ነው፤ እርሱ ራሱ ርካሽ ቢሆንም ያለማቋረጥ የሚያጓራ ትልቅ የአየር ኮምፕሬሰር ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ሁለተኛውን፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ፈትኖ መግዛትን ነው።

ፈተናውስ? ከፍታን የማያውቅ መለኪያ በየቤታችን አለ፤ እርሱም ውሃ ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ የሚፈላው በላዩ ያለው ግፊት ወደ 2.3 ኪሎ ፓስካል ሲወርድ ነው፤ ይህም በድሬዳዋም በአዲስ አበባም አንድ ነው። በጋኑ ውስጥ ጥቂት ውሃ በስኒ አስቀምጡና ፓምፑን አስነሡ። በመጀመሪያ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች በውሃው ውስጥ የነበረ አየር ስለሆኑ አያታልሏችሁ። ውሃው በእርግጥ ከተንፈቀፈቀ ፓምፑ ደህና ነው፤ ወዲያው አቁሙት፣ እንፋሎቱ ዘይቱን ያበላሻልና። ካልፈላ ግን አስቀድማችሁ ጎማውንና መገጣጠሚያውን መርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፓምፑ ሳይሆን ከሚያስተነፍስ ክዳን ነው።

ይኸው የውሃ ጠባይ እርጥብ እንጨት ለምን እንደማይሆን ይነግረናል። በእንጨቱ ያለው ውሃ ራሱ እየተነነ ፓምፑን ያደክማል። ስለዚህ እንጨቱ ከ100 ዲግሪ ጥቂት በሚያልፍ ሙቀት ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን፣ ሊደርቅ ይገባል። ከዚያም እርጥበት እንዳይመለስበት በፕላስቲክ ታሽጎ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ እንጨት ሬዚኑን ያለጊዜው ያጠጥረዋል። ቫልቩ ከተከፈተ በኋላም አትቸኩሉ። የምንገፋው በ76 ኪሎ ፓስካል እንጂ በ101 አይደለም፤ አየር ለማውጣት ከፈጀው ጊዜ ቢያንስ እጥፉን በሬዚኑ ውስጥ ይቆይ። እኔ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር ባልፍ ሁለተኛ ስሕተት ይሆንብኛል። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ክዳን አዲስ አበባ ላይ ከ5 ኩንታል በላይ ይሸከማል። ስለዚህ የማር ወይም የጃም ብርጭቆ ጋን አይሆንም፤ ወፍራም ብረት ድስትና ወፍራም አክሪሊክ ክዳን ይሁን። ፓምፑን ከማጥፋታችሁ በፊት አየር አስገቡ፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ጋኑ ይሳባል። ሬዚኑ የሚጋገርበትም ምድጃ ምግብ የሚበስልበት አይሁን፤ ክፍሉ አየር የሚያዘዋውር፣ ከእሳት የራቀ ይሁን።

የወንድሜ ልጅ ፓምፑን የሸጠው ለአንድ የፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ሰውየው እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ «የተባረከ ዕቃ» እያለም ያመሰግነዋል። እኔ ለልጁ ሌላ ገዝቼ ካስኩት፤ ከመክፈሌ በፊት ግን ውሃና ስኒ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሻጩ ስቆብኝ ነበር። ውሃው ሲፈላ ሲያይ ግን ስኒዋን ተቀብሎ የቀሩትን ፓምፖች አንድ በአንድ መፈተን ጀመረ።