መኪና የሌለው ሰው የሚሻገርበት ማዕዘን

ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን የመጣው አጎቴ ገና በሳምንቱ «ልጄ፣ በዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው በምን ይንቀሳቀሳል?» አለኝ። ከማወራለት ባሳየው ይሻላል ብዬ ሴንት ፖል ውስጥ የስኔሊንግና የዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች ወደሚገናኙበት ማዕዘን ወሰድኩት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አረንጓዴው መስመር የሚባለው ባቡር ከሰኔ 2014 ጀምሮ የሚኒያፖሊስንና የሴንት ፖልን መሐል ከተሞች በዩኒቨርሲቲ ጎዳና በኩል ያገናኛል። በ2016 ደግሞ ኤ ላይን የሚሉት ፈጣን አውቶቡስ በስኔሊንግ ጎዳና ሥራ ጀመረ። ይህ አውቶቡስ ሮዝቪል ካለው ከሮዝዴል የገበያ ማዕከል ተነስቶ እስከ ሰማያዊው መስመር 46ኛ ጎዳና ጣቢያ ይደርሳል። ከዚያ በባቡር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወይም ወደ ሞል ኦፍ አሜሪካ ነው። ስለዚህ ሮዝቪል የሚኖር የኤርፖርት ሠራተኛ መሐል ከተማ ሳይገባ ሥራው ይደርሳል። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ዋጋው 2 ዶላር ሲሆን፣ በዚያው ክፍያ ለሁለት ሰዓት ተኩል መቀያየር ይቻላል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በመጀመሪያው ዕቅድ ከስኔሊንግ ወደ ምሥራቅ ጣቢያዎቹ አንድ ማይል ያህል ይራራቁ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ወጪን ከሚቆጠብ የጉዞ ጊዜ ጋር በሚያነጻጽር ቀመር ነበርና፣ የሚጨመር ፌርማታ ሁሉ እንደ ኪሳራ ይታይ ነበር። ባቡሩን ይበልጥ የሚፈልገው ግን መኪና የሌለው የዚያ ሰፈር ሰው ነው! ነዋሪው፣ ጥቁሩም ስደተኛውም፣ ዝም አላለም። ከዚያ ቀደም አውራ ጎዳናው አይ 94 ሲሠራ ሮንዶ የተባለው የጥቁሮች ሰፈር መፍረሱን ያስታውሳላ። ቀመሩ በጥር 2010 ተለወጠ፤ ሃምላይን፣ ቪክቶሪያና ዌስተርን የተባሉት ሦስት ጣቢያዎችም ተጨመሩ።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ባቡሩ የሚቆመው በዩኒቨርሲቲ ጎዳና መሐል፣ አውቶቡሱ ደግሞ በስኔሊንግ ዳር ነው። ለመቀየር መብራት ጠብቆ አስፋልት መሻገር ግድ ነው። በጥር ብርድ ቀይ መብራት ስር ቆሞ አውቶቡስ ሲሄድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ የሚኒሶታ ሰው ያውቀዋል።

አጎቴ ይህን ሲሰማ በ2015 የተጀመረውን የአዲስ አበባን ባቡር አነሳ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ ከአንዱ ወርዶ ሌላውን እዚያው መጠበቅ ይቻላል። እውነቱን ነው፣ በዚህ እንበልጣለን። «ግን እኮ» አለ መልሶ፣ «እኛ ዘንድ ሐዲዱ ሰፈሩን ለሁለት ከፍሎት፣ ፊት ለፊት ያለ ጎረቤት ቤት ለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነልንና ተሻገርን።