ልጅዎ የያዘውን ሬዲዮ ሌላ ማን ይሰማዋል?

በካኒዮን በር፣ በሆስፒታል መግቢያ፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ በጥበቃ ሥራ የቆሙ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ በዕብራይስጥ ማኽሺር ኬሸር የሚባለውን መገናኛ ሬዲዮ ቀበቷቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ወላጅ ስለ ደመወዙና ስለ ሌሊት ፈረቃው ይጠይቃል፤ ስለ ሬዲዮው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚያች ሬዲዮ ግን “የኋላው በር አልተቆለፈም”፣ “ገንዘብ የሚወስደው መኪና ደረሰ”፣ “ብቻዬን ነኝ፣ ተተኪው አልመጣም” ይባላል። ይህን ክፉ የሚያስብ ሰው ከሰማው አደጋው ቀድሞ የሚደርሰው በሩ ላይ በቆመው ልጅ ላይ ነው።

አናሎግ የሚባለው የድሮው ሬዲዮ ድምፁን እንዳለ ወደ አየር ይለቀዋል። በዚያው ሞገድ ላይ ሬዲዮ ወይም ስካነር የከፈተ ሰው ሁሉንም ይሰማል። አንዳንድ ሻጮች “የግል ኮድ አለው” እያሉ ይሸጣሉ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ያ ኮድ የሌሎችን ወሬ ከእርስዎ ጆሮ ያርቃል እንጂ የእርስዎን ንግግር ከማንም አይሰውርም። ጆሮን በጥጥ ደፍኖ ጮክ ብሎ እንደ መናገር ነው።

ዲጂታሉ ሬዲዮ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ ይልካል። ይህም ብቻውን ምስጢር አይሆንም፤ ተመሳሳይ መሣሪያ ያለው ሰው ቁጥሩን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ምስጢር የሚሆነው ምስጠራ ሲጨመርበት ነው። ያኔ ቁጥሩ በምስጢር ቁልፍ ይደበላለቃል፤ ያው ቁልፍ ያለው ሬዲዮ ብቻ ይፈታዋል።

ቁልፍ ግን ከቁልፍ ይለያል። በሞቶሮላ ዲጂታል ሬዲዮዎች “መሠረታዊ” የሚባለው ደረጃ 255 ቁልፎች ብቻ አሉት፤ ትዕግሥት ያለው ሰው አንድ በአንድ ሊሞክራቸው ይችላል። ዛሬ የሚታመነው ኤኢኤስ 256 የሚባለው ነው። በአውሮፓ ፖሊሶች ዘንድ በተለመደው ቴትራ በተባለው ሥርዓት የደረሰውም ያስተምራል። ከቴትራ የምስጠራ ዓይነቶች አንዱ ቁልፉ 80 ቢት ነው ይባል ነበር። በ2023 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ውስጡን ሲያዩት በእርግጥ የሚሠራው 32 ቢት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ተራ ላፕቶፕ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይፈታዋል። ስለዚህ “ምስጠራ አለው” የሚል መልስ አይበቃም። የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

ጥሩ መሣሪያም ካልበራ አይጠብቅም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት የአሜሪካ ፌዴራል ወኪሎች ምስጠራ ያለው ሬዲዮ ይዘው፣ ክፍት መሆኑን ሳያውቁ ስለ ምስጢር ሥራቸው ሲነጋገሩ ተሰምተዋል፤ በአንድ ከተማ በአማካይ በቀን ከ20 ደቂቃ በላይ። ማብሪያው በቀላሉ ይዘጋል፤ ባልደረቦቹም በደንብ ስለሚሰሙት ማንም ልብ አይልም። የሠለጠኑት እንዲህ ከሆኑ፣ ትናንት ሥራ የጀመረ ወጣት ምልክቱ ስክሪኑ ላይ የት እንደሚታይ የፈረቃ አለቃውን ቢጠይቅ አያሳፍርም። ደግሞም የበር ኮድና የሰው መታወቂያ ቁጥር፣ ምስጠራ ኖረም አልኖረ፣ በሬዲዮ ባይነገር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጠፋ ሬዲዮ ነው። ቁልፉ ውስጡ ስላለ ያገኘው ሰው የጓዶቹን ሁሉ ንግግር ይሰማል። ብዙ ዲጂታል ሬዲዮዎች ከርቀት ሊዘጉ ይችላሉ፤ ቁልፉንም በሌሎቹ ላይ መቀየር ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን መጥፋቱ ወዲያው ከተነገረ ነው። ወጣቱ “ከደመወዜ ይቆርጡብኛል” ብሎ ሁለት ቀን ዝም ቢል፣ ሁለት ቀን ሙሉ በሩ ክፍት ነው።

ሕጉን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በ1958 የወጣው የደመወዝ ጥበቃ ሕግ አሠሪ እንደፈለገ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ለአሠሪው ዕዳ ተብሎ የሚቆረጥ ገንዘብ ሠራተኛው በጽሑፍ የገባበት ግዴታ ሊኖረው ይገባል፤ ያም ሆኖ ከደመወዙ ሩብ አይበልጥም። ሥራ ሲለቅ ግን የቀረው ዕዳ ከመጨረሻው ደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል። እንግዲህ ሬዲዮው ሲሰጠው የሚያስፈርሙት ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። ሳይፈርም ያንብበው፤ ዕብራይስጡ ከከበደ የሚያስረዳው ሰው ይፈልግ፤ ፎቶ አንስቶም ያስቀምጠው። በትሉሹ ላይ ያልገባው ቅናሽ ካየ ቃቭ ላኦቬድን ወይም የእኛው ማኅበረሰብ የሕግ ድርጅት የሆነውን ጠበቃን ማማከር ይችላል። ሥራውን ለቆ ሬዲዮውን ሲመልስም የመሣሪያው ቁጥር የተጻፈበት፣ የተረካቢው ፊርማ ያለበት ወረቀት ሳይቀበል አይውጣ።