ራስዎ ጠግነውት ሞተሩ ሲያስቸግር፦ ተረትና እውነታ

ቅዳሜ በራሱ እጅ ካንዴላና ፊልትሮ የቀየረ ሰው፣ እሁድ ጠዋት ሞተሩ ሲንቀጠቀጥበት ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ “ሌላ ዕቃ ተበላሽቷል” የሚል ነው። ሴንሰር ይገዛል፣ ቀጥሎ ቦቢና፣ ቀጥሎ ፖምፓ። መኪናው ከጥገናው በፊት ደህና ከነበረ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እጅ ያረፈበት ቦታ ነው። ከዚህ መንገድ የሚያስወጡ አምስት አባባሎች እነሆ።

ተረት፦ “ካንዴላው አዲስ ስለሆነ ችግሩ ከእሱ አይሆንም።”

እውነታ፦ ካንዴላ ከእጅ ወድቆ ሸክላው ከተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም ብልጭታው በጎን ሊያመልጥ ይችላል። ያን ጊዜ ባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተር በሦስት ይሠራል። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ የኮድ ማንበቢያ ማሽን ፒ0301 የሚል ኮድ ካነበበ፣ አንደኛው ሲሊንደር በአግባቡ አያቀጣጥልም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቦቢና ያለው መኪና ከሆነ፣ ሞተሩን አጥፍተው የአንደኛውንና የሁለተኛውን ቦቢና ያቀያይሩ፤ ከዚያ አስነስተው እንደገና ያስነብቡ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። እዚያው ፒ0301 ላይ ከቀረ፣ ካንዴላዎቹን በዚሁ መንገድ ይፈትሹ። አንድ ብር ሳይወጣ ጥፋተኛው ተለየ።

ተረት፦ “የባትሪ ገመድ ነቅሎ መመለስ ችግሩን ያጠፋዋል።”

እውነታ፦ የሚጠፋው መብራቱ ነው። ከመብራቱ ጋር ኮዱና ችግሩ ሲፈጠር ሞተሩ የነበረበት ሁኔታ መረጃም ይጠፋል። በብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ የለመደውን ሚኒሞ ጭምር ይረሳል፤ ስለዚህ መኪናው ጥቂት እስኪነዳ ድረስ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። መጀመሪያ ኮዱን ያስነብቡና ይጻፉት።

ተረት፦ “የአየር ፊልትሮ መቀየር ሞተሩን አይነካም።”

እውነታ፦ በብዙ መኪኖች ላይ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ከፊልትሮው ቤት ቀጥሎ ይገኛል። ከእሱ በኋላ ያለው ቱቦ በደንብ ካልገባ ወይም ማሰሪያው ከላላ፣ ሳይለካ የገባ አየር ነዳጁን ያሳንሰዋል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ፒ0171 የሚል ኮድም ሊመጣ ይችላል። የሴንሰሩ ሶኬት “ቀጭ” ብሎ መግባቱን፣ የፊልትሮው ቤት ክሊፖች በሙሉ መዘጋታቸውን በእጅ ይዳስሱ።

ተረት፦ “ዘይት ቢበዛና ቢወፍር ሞተር ይጠብቃል።”

እውነታ፦ ከልክ ያለፈ ዘይት በሚሽከረከረው ኮሎ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። ውፍረቱም ቢሆን እንደ ቪቪቲ-አይ ባሉ ሞተሮች ላይ የቫልቭ ጊዜን የሚያስተካክለው የዘይት ግፊት ስለሆነ፣ 5ደብሊው-30 የታዘዘለትን ሞተር በ20ደብሊው-50 መሙላት አሠራሩን ሊያዘገየው ይችላል። ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ይለኩ፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን።

ተረት፦ “ራዲያተር ውሃ ሞልቶ መዝጋት በቂ ነው።”

እውነታ፦ ሲቀየር የገባ አየር ካልወጣ ውሃው በደንብ አይዞርም፤ የሙቀት መለኪያውም ሊያሳስት ይችላል። ክዳኑም ተራ መዝጊያ አይደለም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ የሞቀ ሞተር ደግሞ እዚያው ዙሪያ ይሠራል። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው ያረጀ ወይም በትክክል ያልተዘጋ ክዳን ዳገት ላይ ያስፈላል። ሞተሩ ሳይበርድ ግን በፍጹም አይክፈቱት።

ፍለጋው መቆም ያለበት ጊዜም አለ። የዘይት ቀይ መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ያልተቃጠለ ነዳጅ የጭስ ማጣሪያውን እያበላሸ ሊሆን ስለሚችል ዳር ይዘው ያቁሙ። ጋራዥ ከሄዱም ምን እንደፈቱ፣ ምን እንደቀየሩ፣ የትኛው ብሎን እንዳስቸገረዎት ለመካኒኩ አንድ በአንድ ይንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።